የግሩፕ ስም ሲምታታ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርእሱ አንድ ነው፦ የግሩፕ (አንድ ዓይነት ፈቃድ የሚሰጣቸው ተጠቃሚዎች ስብስብ) ስም ተምታቶ ሶፍትዌር ላልተፈቀደለት ሰው በር ሲከፍት።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፦ ጋሼ፣ የደሴው ቢሮም የኛ ፋብሪካም «ሂሳብ» የሚባል ግሩፕ አላቸው። የደሴዋ ገንዘብ ያዥ የኛን ደመወዝ ታያለች። የምንጠቀመው አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎችና የግሩፖች መዝገብ ነው።

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አክቲቭ ዳይሬክተሪ አልተሳሳተም። በተለያየ ክፍል ስር ያሉ ሁለት ግሩፖች አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ፤ ሙሉ አድራሻቸው ግን ይለያያል። ጥፋቱ የደመወዝ ሶፍትዌራችሁ ነው። ሙሉውን አድራሻ ተቀብሎ «ሂሳብ» የምትለዋን ብቻ ቆርጦ ያያል። ዊንዶውስ ራሱ የፎልደር ፈቃድ ሲመዘግብ ስም አይጽፍም፤ ኤስአይዲ የሚባለውን መለያ ነው የሚጽፈው። ግሩፑን አጥፍታችሁ በዚያው ስም ብትፈጥሩት እንኳ አዲስ መለያ ያገኛል፤ የድሮው ፈቃድ አይመለስለትም። ስም ለሰው ነው። ፍርዱ በመለያ ይሁን።

ከደሴ ፒያሳ፦ የኛ ሲስተም አስተማማኝ ነው?

መልስ፦ የትኛው ሲስተም? ማን ይገባበታል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ተማሪ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፦ ኮዴ በግሩፑ ስም ውስጥ «አድሚን» ካገኘ ያሳልፋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! «አድሚን-ማንበብ-ብቻ» የሚባል ግሩፕ ቢመጣስ? ያልፋል። ሠራተኛው ራሱ ግሩፕ መፍጠር ከቻለ ደግሞ «የአድሚን ዕቁብ» ብሎ ከፍቶ ይገባል። ሙሉ ለሙሉ እኩል መሆኑን አረጋግጥ። ከቻልክ በመለያው።

ከደሴ ሸዋ በር፦ ስሙን በአማርኛ ብንጽፍስ?

መልስ፦ ጻፉ። ግን «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» ለኮምፒውተር ሁለት ግሩፖች ናቸው። የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷል። ሥራ የለቀቀ ሰው ከአንዱ ተሰርዞ በሌላው ውስጥ ይቀራል።

ከደሴ ሸዋ በር፦ ትክክሉ እኮ በሐመሩ ሐ ነው። ግዕዙ «ሐሰበ» ነው።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፦ ወንድሜ፣ ዛሬ እንደዚያ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?

ከደሴ ሸዋ በር፦ ብዙ ሰው ስለጻፈው ልክ አይሆንም!

መልስ፦ እባካችሁ፣ የፊደሉን ነገር ለሌላ ቀን። አንዱን መርጣችሁ ሁሉም በዚያ ይጻፍ። ፍርዱ ግን አሁንም በመለያ።

ሌላ ጠያቂ፦ ፕሮግራሞችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይስ?

መልስ፦ እዚያ ግሩፕ ተራ ጽሑፍ ነው። ከውጭ በሚመጡት ስሞች ፊት አንድ ቅድመ ቃል እንዲገባ አድርጉ፤ ከራሱ ከኩበርኔቲስ የውስጥ ስሞች ጋር አይጋጩም።

ሌላ ጠያቂ፦ ሁለት ግሩፖች አንድ ስም ቢኖራቸው ችግር አለው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ደግሜ አልጽፈውም።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፦ ሶፍትዌሩን የሸጡልን ሰዎች ለማስተካከል ጊዜ ይፈልጋሉ። እስከዚያስ?

መልስ፦ ዛሬውኑ የናንተን ግሩፕ «ኮምቦልቻ-ሂሳብ» በሉት። ኤስአይዲው ስለማይቀየር የፎልደር ፈቃዱ አይነካም። ሶፍትዌሩ ላይ አዲሱን ስም መዝግቡና «ሂሳብ» ለሚለው የተሰጠውን የፋብሪካ ደመወዝ ፈቃድ አንሱ። ከዚያ የደሴዋ ገንዘብ ያዥ ወጥታ እንደገና ገብታ ትሞክር። እንደማይከፈትላት በዓይናችሁ እዩ።