የፈረንጅ አፍ እንዲህ አጭር ነው?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደወለችልኝ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ተመርቃ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። «ጋሼ፣ ቡናችንን የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ሰዎች ሠራተኞቹን ሊያነጋግሩ ይመጣሉ፤ የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ ተባልኩ። ምን ልልበስ?» አለችኝ። ያማረሽን ልበሺ፣ ጫማሽ ብቻ ጭቃ የሚችል ይሁን አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። እንቅልፍ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። በኅዳር 1996 እኔም ሚስቴን የጠየቅኋት ይህንኑ ነበርና። ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ሰጠችኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅና እንደ እሷ በቡናም ሆነ በአበባ ወይም በልብስ ስፌት ቤት በሠራተኛና በገዢ መካከል ቆማችሁ ለምታስተረጉሙ ልጆች ነው።

በዚያ ዓመት ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና እርሻ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛውን ከኮሌጅ አግኝቼዋለሁ፤ ዳውሮኛውን ደግሞ ከእናቴ። እናቴ በልጅነቷ የጎጀብን ወንዝ ተሻግራ ከዳውሮ የመጣች ናት። ሐሙስ ሐሙስ ጅማ ሒርማታ ገበያ ስትወስደኝ የአገሯን ሰው ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትቆም ነበር። አንድ ቀን በዚሁ ጨዋታ ምክንያት የገዛነውን በርጩማ አስሰርቀን ገባን፤ አባቴ አንድ ወር ሙሉ ሲያነሳብን ከረመ። ይህ ከነገሬ ጋር አይገናኝም፤ ወይም ይገናኝ ይሆናል። ብቻ ቋንቋዋን ጆሮዬ የያዘው እንዲያ ነው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸቱ ሲቀላ ለቃሚዎቹ ከዳውሮ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ በጭነት መኪና ይመጡልናል። ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፣ ልጅ ያዘሉም አሉባቸው። የሚያድሩት በአንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ሚዛኑን የሚይዘው የለቃሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሲሆን፣ ደብተሩን የሚጽፈውም፣ ማን የትኛው መስመር እንደሚገባ የሚወስነውም እሱ ነው።

ጊዜው ክፉ ነበር። በ1994 አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ ከዚያ ወዲህም ገና አላገገመም። ደመወዝ ይዘገይ ነበር። የቡና ገዢው እንግዳ ሠራተኞቹን ልታነጋግር ከመምጣቷ በፊት በነበረው ማታ ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው አስጠርተውኝ ሻይ አስቀዱልኝና «እነሱ የሚሰሙት አንተን ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ዋሽ አላሉኝም፤ ይህን ደጋግሜ የምለው እሳቸውን ለመከላከል እንዳይመስላችሁ። ያዘዘኝ ሰው እንደሌለ እንድታውቁት ነው።

የመጣችው አንዲት ጎልማሳ ፈረንጅ ነበረች፤ ጨዋ፣ ለሁሉም ሰው እጇን የምትዘረጋ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ወንበር ዘርግተን ለቃሚዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጥናቸው። ካቦው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ከዚህ በላይ እንዲርቅ አልጠየቅሁም። የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሴቶች «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ተነሡ። ቀጥላ የመጣችው ልጅ ያዘለች ነበረች፣ ከሃያ ዓመት የማትበልጥ። እንግዳዋ «የለቀምሽው ሁሉ ይከፈልሻል?» ብላ ጠየቀች፤ እኔ በዳውሮኛ ነገርኳት። የእናቷን ቋንቋ ከእኔ አፍ ስትሰማ ፊቷ ተፈታ። «ወንድሜ» አለችኝ። ለዳኛ የምትናገር ይመስል እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተናገረች።

ያለችው ይህ ነው። ሚዛኑ ከእኔ ቅርጫት ሁለት ኪሎ ይበላል። የሚበላው ግን ከሁሉም ሰው አይደለም። የአዳራሹ በር መቀርቀሪያ የለውም፤ ካቦው ሌሊት መጥቶ ያንኳኳል፣ ስም ይጠራል። ተጠርታ የወጣች ሴት በማግስቱ ቅርጫቷ ሙሉ ይመዘንላታል። እኔ አልወጣሁም።

ሒሳቡን የሠራሁት ያኔ አይደለም፣ ዘግይቼ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። በቀን ሦስት ጊዜ ብታስመዝን ስድስት ኪሎ ተበላባት፤ በየቀኑ አንድ ኪሎ ለመላክ የተዘጋጀ ቡና ማለት ነው፣ ስትጠራ ባለመውጣቷ።

ወደ እንግዳዋ ዞሬ «ሚዛኑ አርጅቷል፣ ሌሊትም ይበርደናል ትላለች» አልኳት።

ፈረንጇ በትጋት ጻፈች። ልጅቷ ግን ብዕሩን ትታ አፌን ትመለከት ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ርዝመት ግን ታውቃለች። እሷ ያን ሁሉ ተናግራለች፣ እኔ በአንድ ትንፋሽ ጨርሻለሁ። «የፈረንጅ አፍ እንዲህ አጭር ነው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። እንግዳዋ «ምን አለች?» ስትለኝ «ታመሰግናለች» አልኩ።

ታዲያ ነገሩ ከንቱ እንዳይመስላችሁ፣ ውጤት አምጥቷል! በዓመቱ አዲስ ሚዛንና ብርድ ልብስ መጣ። ብርድ ልብሱን ስም እየጠራ ያደለው ካቦው ነው። እሷ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም፤ ከአገሯ የመጡትን ስለ እሷ ልጠይቅ እችል ነበር፣ አልጠየቅሁም።

ለምን አደረግሁት? ዓመታት ሙሉ ለራሴ የሰጠሁት መልስ የሥራ ነገር ነው የሚል ነበር፤ ገዢው ከሸሸ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ያበላዋል። ከፊሉ እውነት ነው። ግን ምላሴን የያዘው እሱ አልነበረም። አፈርኩ። ገመናችንን ለባዕድ ሴት፣ ያውም በእኔ አፍ? አሁን ሳስበው የማን ገመና ነው? የእኔ አልነበረም፣ የልጅቷም አልነበረም። የካቦውን ገመና ነው ነጭ ሸሚዝ ለብሼ የሸፈንኩት።

ሕግ አንብቡ ብዬ አልመክራችሁም፤ ይህን ለተመረቀ ሰው መንገር ነውር ነው። አንዲት ነገር ብቻ፣ በየእርሻው ስለምሰማት። «ወቅታዊ ናት፣ ሕጉ አይመለከታትም» ይላሉ። ውሸት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወቅታዊ ሥራን ለተወሰነ ጊዜ እንደሚደረግ የሥራ ውል ያውቀዋል፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ለእሷም ነው። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ ክልክል ነው፤ በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪዋ የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች ይላል። መልቀቁንስ ትለቃለች፤ ግን በተግባር ጎጀብን የምትሻገረው ባዶ እጇን ነው። ሕጉ እዚያ ድረስ አብሯት አይሄድም።

እናንተ የዘመኑ ልጆች ፎቶ ታበዛላችሁ። የስብሰባውን ባነር፣ የማድረቂያ አልጋውን፣ ቅርጫት ይዛ የምትስቀዋን ሴት። የአዳራሹን በር ከውስጥ በኩል ያነሳ ሰው ግን አላየሁም። ስትሄዱ በሩን ዝጉና ከውስጥ ቆማችሁ እዩት፣ መቀርቀሪያ አለው ወይ? አምስት ኪሎ ስኳር ከሱቅ ገዝታችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡት፣ ስንት ይላል? ካቦውን ከዓይን የሚሰወርበት ድረስ ላኩት፣ ወይም ሴቶቹን ወደ ምንጩ ይዛችሁ ውረዱ። ከሁሉ በላይ ግን በፈረንጅኛ ያላችሁትን መልሳችሁ ለተናገረችው ሴት በቋንቋዋ ንገሯት። «እንዲህ ብዬልሻለሁ፣ ልክ ነው?» በሏት። ያን ቀን እንዲህ የማድረግ ግዴታ ቢኖርብኝ ኖሮ አልዋሽም ነበር፤ እሷ ፊት መዋሸት ስለማልችል። እንግሊዝኛው ውስጥ ተሸሽጌ ነው የዋሸሁት።

ትዕግሥትም የላችሁም። የጎረቤቴ ልጅ ራሷ በስድስት ወሯ ሥራ ልቀይር ብላኝ ተቆጥቻታለሁ። ግን ደግሞ ትዕግሥት ስል የእኔን አስባለሁ፤ «ዘንድሮ ይለፍ፣ ለከርሞ እናገራለሁ» እያልኩ ጡረታ ወጣሁ። እንግዲህ የቱን እንደምትመርጡ እናንተ ታውቃላችሁ።

ዛሬ ወረቀቱ በዝቷል። ጀርመኖች በፈረንጅ 2023 ኩባንያዎቻቸው ዕቃ የሚያመጡበትን ሰንሰለት እንዲመረምሩ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውለዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የራሱን አጽድቆ ገና ሳይጀመር ጊዜውን ገፋው። የቡና ዋጋም በየካቲት 2025 በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር፤ የዚያን ዘመን ስምንት እጥፍ። ገንዘብ የለም ማለት አሁን ይከብዳል። ወረቀቱ ግን ከብራስልስም ይነሣ ከበርሊን፣ ማድረቂያ አልጋው ጋ ሲደርስ በአንድ ሰው አፍ ነው የሚያልፈው፤ ብዙ ጊዜም ደመወዙን እርሻው በሚከፍለው ሰው አፍ። ልጄ፣ ይህን ለአለቆችሽ ጠይቂልኝ፤ አስተርጓሚውን ገዢው ራሱ ለምን አያመጣም?

ይህን ሁሉ ትናንት በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ሌላ አልችልም። ዘንድሮ የመጡት ለቃሚዎች ብዙዎቹ ከዳውሮ ናቸው» አለችኝ። ታዲያ እንዴት አስተርጓሚ አደረጉሽ ብላት፣ «ደህና ነው ማለቱን ሁሉም በአማርኛ ይችሉታል ብለውኝ» አለች።

ቅዳሜ ቤት ልትመጣ ነው፤ የተወሰኑ ጥያቄዎችን በዳውሮኛ አስጠናታለሁ። በርን ማንኳኳት እናቴ ምን ትለው እንደነበር ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ ነው፤ ምላሴ ላይ ይደርስና ይመለሳል።