መልስ፦ ከሠርግ ፎቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ አንሺነት

ሰላም ወዳጄ። «ሠርግ ማንሳት ሰልችቶኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፎቶ አንሺ ሆኜ ብቀጠር ያዋጣኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አዎ እላለሁ። ግን ሥራው ምረቃ ብቻ እንዳይመስልህ።

ጠዋት ቤተ ሙከራ፣ ከሰዓት የመምህራን ጉርድ ፎቶ፣ ማታ ደግሞ ብርሃን ባነሰው አዳራሽ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ታነሳለህ። ለጨዋታ የሹተር ፍጥነትህ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ1/500 ሰከንድ ባይወርድ ጥሩ ነው። ስለዚህ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበትን የስሜት መጠን) 3200 ወይም 6400 ማድረስህ አይቀርም። አትፍራ፤ ትንሽ ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) በእንቅስቃሴ ከደበዘዘ ምስል ይሻላል። ቤተ ሙከራ ስትገባ ፍላሽ ከማብራትህ በፊት ጠይቅ፤ ብርሃን የሚያበላሸው ሙከራ አለ።

ብዙ ሰው የማያስበው ማህደሩን ነው። ለእኔ የሙያው ልብ እዚያ ነው። ዛሬ ያነሳኸውን ፎቶ ከ20 ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው ይመጣል። ስም፣ ቀንና ቦታ ፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ ፎቶው እንደጠፋ ቁጠረው። የዚያኑ ዕለት ጻፍ፤ ነገ ይረሳል። ቅጂውንም ቢያንስ 2 ቦታ አስቀምጥ።

ለማስታወቂያ የሚውል ፎቶ ከሆነ ፎቶው ላይ የሚታየውን ሰው ስምምነት በጽሑፍ ያዝ።

ስታመለክት የሠርግ ሥራህን ብቻ አትላክ። የሚያስተምር ሰው፣ አንድ ስብሰባና አንድ ጨዋታ አንስተህ ጨምርበት። ገቢው ከደራ የሠርግ ወቅት ሊያንስ ይችላል፤ ግን በየወሩ እጅህ ይገባል። ቅጥር ላይ ስትሆን የፎቶዎቹ መብት አብዛኛውን ጊዜ የተቋሙ ስለሚሆን፣ ውሉን ከመፈረምህ በፊት ይህን አንቀጽ ደጋግመህ አንብበው።