ጫጫታውም ይቃኛል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጫጫታን የሙዚቃው አካል የሚያደርገውን ኖይዝ ሮክ ልልመድ ብዬ የአሜሪካውን ባንድ የሶኒክ ዩዝን «ዴይድሪም ኔሽን» ሰማሁ። ጊታሮቹ ከቅኝት የወጡ መሰለኝ። እንዲህ ያለ አልበም እንዴት ያን ያህል ሊወደስ ቻለ? የመጀመሪያውን ዘፈን በራሴ ጊታር ልሞክር ስል ደግሞ ወፍራሙ ክር ተበጠሰብኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ጊታሮቹ ተቃኝተዋል፤ የተቃኙት ግን በተለመደው መንገድ አይደለም። በመጀመሪያው ዘፈን በ«ቲን ኤጅ ራያት» ላይ የባንዱ ጊታሪስት የተርስተን ሙር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው። የሌላው ጊታሪስት የሊ ራናልዶ ደግሞ ጂ፣ ጂ፣ ዲ፣ ዲ፣ ጂ፣ ጂ ነው። አንድ ድምፅ በሁለት ክር ሲመታ ሁለቱ ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ አንዱ በሰከንድ 196 ጊዜ፣ ሌላው 197 ጊዜ ቢርገበገብ ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል። እርስዎን ከቅኝት የወጣ ያስመሰለብዎ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ባንዱ ግን ሆን ብሎ የፈለገው ድምፅ ነው።

የሙርን ቅኝት ደግሞ ልብ ብለው ይስሙት። ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ከጂ የተነሣ የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ናቸው። ከእኛ ወሰዱት ለማለት አይደለም፤ ግን ክራር የለመደ ጆሮ ይህን ዘፈን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ወደ ተበጠሰው ክር እንምጣ። ወፍራሙን ከኢ ወደ ጂ ማንሣት ሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ነው፤ የክሩ ውጥረት በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሮጌ ክር ይህን አይችልም፤ አዲሱም ቢችል የጊታሩን አንገት ይጎትታል። ስለዚህ በ0.046 ኢንች ክር ፈንታ 0.038 ይግጠሙ፤ ውጥረቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ወደ ታች ሲቃኙ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክሩ ይላላና ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ) እየነካ ይንዛዛል፤ መፍትሔው ወፈር ያለ ክር ነው። ከሁለት ሰሚቶን በላይ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉትን ክር ሁሉ መለወጥ ይሻላል። ከለወጡ በኋላ በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ድምፅ ከክፍቱ ክር ጋር ያመሳክሩ፤ ካልገጠመ ብሪጁ ላይ ያለውን የክር መቀመጫ ያስተካክሉ። ይህን ሁሉ በየዘፈኑ መሃል መሥራት ስለማይቻል ባንዱ ለየቅኝቱ የተዘጋጁ ብዙ ጊታሮች ይዞ ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 መሣሪያዎቻቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሰረቁ ጉዳቱ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እንዲህ የተበጃጀ ጊታር ከሱቅ አይገዛም።

ስለ አቀባበሉ፦ አልበሙ በ1988 ክረምት ኒው ዮርክ በሚገኘው ግሪን ስትሪት ስቱዲዮ ተቀዳ። የድምፅ መሐንዲሱ ኒክ ሳንሳኖ ልምዱ በአብዛኛው ከሂፕሆፕ ነበር። በጥቅምት 1988 በአሳታሚው ኩባንያ በኤኒግማ በኩል 70 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ጥንድ ሸክላ ሆኖ ወጣ። የቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ በየዓመቱ በሚያሰባስበው የሃያስያን ድምፅ ሁለተኛ ሆነ፤ አንደኛ የወጣው በከፊል በዚያው ስቱዲዮ የተቀዳው የሂፕሆፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኢነሚ አልበም ነው። ሃያስያን እንዲህ ቢያወድሱትም ሥርጭቱ ደካማ ስለነበር ብዙ ሱቅ ውስጥ አይገኝም ነበር። ባንዱ በ1990 ቀጣዩን አልበም ያወጣው በትልቁ ኩባንያ በጌፈን በኩል ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አልበሙን በ2005 ብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አካትቶታል። በእኛ ግምት ይህ ክብር የሚገባው ነው፤ ጫጫታው ዘፈኑን አይሸፍነውም፣ ይሸከመዋል እንጂ።

ጥያቄ፦ በዚሁ አልበም «ፕሮቪደንስ» ላይ ከፒያኖው ጋር ጉርምርምታ ይሰማኛል። ያወረድኩት ፋይል ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የሚሰማዎት ከልክ በላይ የጋለ አምፕሊፋየር ድምፅ ነው። ፒያኖው በዎክማን የተቀዳ ሲሆን በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ሰው የባስ ጊታር ተጫዋቹ ማይክ ዋት ነው፤ በስልክ የተወላቸው መልእክት ነው። ተመሳሳይ ጉርምርምታ በሌሎች አርቲስቶች ሥራዎች ላይም የሚሰማዎት ከሆነ ግን መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫዎን ገመድ ይፈትሹ።