ሒሳብ የሚያስፈራቸው ወላጆች፣ ሒሳብ የምትችል ልጅ

ጥያቄ፦ እኔ ያጠናሁት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ታሪክ። ተማሪዎች ሳለን ሁለታችንንም ሒሳብ ያስፈራን ነበር። የ15 ዓመት ልጃችን በሒሳብ ጥሩ ውጤት እያላት የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ መምረጥ ትፈልጋለች። ድክመታችንን ወርሳ ይሆን?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ድክመት ወርሳለች የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ተማሪዎች ዘርፍ ሲመርጡ ራሳቸውን ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ብቻ ሳይሆን፣ የራሳቸውንም ውጤቶች እርስ በርስ ያስተያያሉ፤ በሒሳብ ጎበዝ የሆነች፣ በንባብና በጽሑፍ ግን ይበልጥ የሚቀናት ልጅ ራሷን የቋንቋ ሰው አድርጋ ትቆጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በተሰጠው ፒሳ በተባለው ፈተና (የ15 ዓመት ተማሪዎችን ችሎታ የሚለካ ዓለም አቀፍ ፈተና ነው) መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም፣ ሒሳብ የሚበዛባቸውን ዘርፎች በመምረጥ ረገድ በሴቶችና በወንዶች ልጆች መካከል የሚታየውን ልዩነት በአብዛኛው የሚያብራራው ይኸው የሴቶቹ የንባብ ብልጫ መሆኑን አሳይቷል።

ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ያጠኑ ወላጆች ባሉበት ቤት ያደገች ልጅ እንዲህ ያለ ብልጫ ቢኖራት አይገርምም። እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ የሚያስተላልፈው ከዘረመሉ ግማሹን ነው፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 በአይስላንድ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ያልተላለፈው ግማሽም ልጁ በሚደርስበት የትምህርት ደረጃ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው፣ መጠኑም የተላለፈው ከሚያሳድረው 30 በመቶ ገደማ እንደሆነ አረጋግጧል። ልጁ በዘር ያልወረሰው ነገር የሚደርስበት በዋናነት ወላጆቹ በሚፈጥሩለት የኑሮ ሁኔታ በኩል ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጠቀሱት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችን የተመለከተ ጥናት፣ ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች ያሏቸው ልጆች በዓመቱ ውስጥ ያነሰ ሒሳብ እንደተማሩና ጭንቀቱም ወደ እነርሱ እንደተጋባ አመልክቷል፤ ይህ የታየው ግን ወላጆቹ የቤት ሥራውን አዘውትረው በሚያግዙበት ጊዜ ብቻ ነበር (በቅንነት የተሰጠ እገዛ መሆኑ ነገሩን አልለወጠውም)። ልጅዎ ከእነዚያ ሕፃናት በዕድሜ ብትበልጥም፣ «ሒሳብ ለእኛ ቤት አልተፈጠረም» የሚለውን ቀልድ ቢተዉት እመርጣለሁ።

ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠችው ወድዳው ከሆነ አይከልክሏት፤ ኢኮኖሚክስም ሆነ የሥነ ሕዝብ ጥናት የሒሳብ ችሎታዋን ይፈልጉታል። ምርጫዋ «አልችልም» ከሚል ስሜት የመነጨ ከሆነ ግን፣ ከመወሰኗ በፊት ከሒሳብ መምህሯ ጋር ተቀምጣ ውጤቷን እንድታይ ያድርጉ።