እናታችሁ ቅዳሴ መቅረት ከጀመረች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጎጃም ውስጥ በማህፀንና ፅንስ ሕክምና ነው። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከቡሬ የመጡ ብዙ እናቶችን አክሜያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ስላልሰማው አንድ የእንቁላል ማምረቻ እጢ ነው። ምክሩ ግን ለሐኪም ብቻ አይደለም። እናት፣ አክስት ወይም አያት ላለው ሁሉ ነው።

በእኛ ዘንድ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ከውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ካረጠች በኋላ ግን ይህ ሁሉ ይቀርላታል። እናቶቻችን ያንን ዕድሜ የሚወዱት ለዚህም ነው። ሰንበቱም ወርኃዊ በዓሉም አያልፋቸውም። ቆብ የሚደፉም አሉ። ታዲያ ከስንት ዓመት በኋላ ድንገት ደም ቢያዩ ለማን ይናገሩ? ለባል ይከብዳል፣ ለልጅ ያሳፍራል። ስለዚህ ዝም ብለው ቅዳሴ መቅረት ይጀምራሉ። ሲጠየቁ "ወገቤን አሞኝ ነው" ወይም "ብርዱ አልተስማማኝም" ይላሉ። ቤተሰቡም ያምናል።

አንድ ቀን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ልጃቸው ይዟቸው መጣ። ልጁ የጉልበት ሕመም ነው ብሎኛል። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ። ልጁን ውጭ እንዲጠብቅ ጠየቅሁት። በሩ ሲዘጋ "ዶክተር፣ ልጅነቴ ሳይመለስ አልቀረም" አሉኝ። ጡታቸው አብጦ ያማቸዋል። ደም አልፎ አልፎ ይመጣል። "ከፍልሰታ ጀምሮ የማስቀድሰው ከደጅ ነው" አሉ፤ ከደሙ ይልቅ ያስለቀሳቸው እሱ ነበር። በአልትራሳውንድ ሳያቸው ሊሳሳ የሚገባው የማህፀናቸው የውስጥ ሽፋን እንደ ወጣት ሴት ወፍሯል። ግራ ጎናቸው ላይ፣ እንቁላል ማምረቻቸው ውስጥ፣ ቡጢ የሚያህል እጢ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል ማምረቻው፣ ኦቫሪ የምንለው፣ ሁለት ዋና ዋና ሆርሞኖች ያመነጫል። ኤስትሮጅን እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ የማህፀኑን ሽፋን ያበቅላል፣ ያወፍራል። ፕሮጄስትሮን እንደ መስከረም ፀሐይ መጥቶ እድገቱን ይገታል፣ ሽፋኑን ያበስላል። ሁለቱም ሲቀንሱ ሽፋኑ ይረግፋል። የወር አበባ ይኸው ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆን ምንጩ ይደርቃል፤ ሽፋኑም ይሳሳል።

እንቁላሏን ከብበው ኤስትሮጅን የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ ግራኑሎሳ ሴሎች ይባላሉ። አንዳንዴ እነዚህ ሴሎች ራሳቸው እጢ ይሆናሉ፤ የግራኑሎሳ ሴል እጢ የምንለው ይኸው ነው። እጢ ሲሆኑም የድሮ ሥራቸውን አያቆሙም። ያለ ወቅቱ ኤስትሮጅን ያፈሳሉ፤ የሚገታው ፕሮጄስትሮን ግን የለም። ሽፋኑ ዝም ብሎ ያድጋል፣ ቦታ ቦታ እየተላቀቀ ይደማል። ይህ እጢ ከኦቫሪ ካንሰሮች መካከል ከ100 ከ2 እስከ 5 ያህሉ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል። ነገር ግን ካለባቸው ሴቶች ከሩብ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ላይ የማህፀን ሽፋናቸው ከልክ በላይ ይወፍራል። ከ100 ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሽፋኑ ራሱ ካንሰር ይሆናል። አንድ ምንጭ፣ ሁለት በሽታ ማለት ነው።

አትደንግጡ። ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ከ10 ሴቶች ዘጠኙ ገደማ ካንሰር የለባቸውም። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ሳስቶ ወይም ትንሽ ሥጋ መሳይ ነገር በቅሎ ሊሆን ይችላል። ግን ማንም በግምት ሊለየው አይችልም። የወር አበባዋ ድፍን ዓመት ከቀረ በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለባት። ጠበሉንም ትጠጣ፣ ሐኪምም ዘንድ ትሂድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንዴት ትጠይቋታላችሁ? ሰው በተሰበሰበበት አይሁን። ቡና ላይም አይሁን። ሴት ልጅ ካለች እሷ ታናግራት፤ ከሌለች የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትምጣ። ወንዶች ልጆችም "ይሄ የእኔ ጉዳይ አይደለም" አትበሉ፤ ሐኪም ቤት የምታደርሷት እናንተ ናችሁ። "ምነው ቅዳሴ ቀረሽ?" ማለት ለጅምር ይበቃል። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ደግሞ ሳትባሉ ውጡላት።

አሁን ደግሞ በጤና ሙያ ላይ ላላችሁት ላምጣው። ለእነዚህ እናቶች የደም ማነስ እንክብል ጽፋችሁ አትሸኙ። ደም ያየች ያረጠች ሴት ሽፋኗ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ናሙና ይወሰድላት። ሽፋኑ ወፍሮ ስታገኙትም ማህፀኑ ላይ አትቁሙ። "ይሄ ኤስትሮጅን ከየት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ኦቫሪዎቹንም ሁለቱንም እዩ። ከኦቫሪው ከጀመራችሁም ነገሩ ያው ነው። እጢውን አውጥታችሁ ማህፀኑን የምትተዉ ከሆነ፣ በተለይ መውለድ ለምትፈልግ ወጣት፣ የሽፋኑን ናሙና ሳትወስዱ አትጨርሱ።

ይህ እጢ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ቢጫማ ነው፤ ውስጡ ደም የቋጠሩ ከረጢቶች አሉት። ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ስትልኩት የመጠየቂያውን ወረቀት በደንብ ሙሉት። "የኦቫሪ እጢ" ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። ዕድሜዋን፣ ካረጠች ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ደም እንዳየች፣ ሽፋኑ ምን ያህል እንደወፈረ ጻፉ። ማይክሮስኮፕ ላይ ያለው ሰው ሴትዮዋን አላያትም። የሚያውቃት በእናንተ ጽሑፍ ነው።

ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ "በዘር ይመጣል ወይ?" ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በአዋቂዎች ላይ የሚታየው ዓይነት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ፎክስ ኤል 2 በሚባል ዘረመል ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ እንዳለው አሳዩ። ለውጡ የተፈጠረው እዚያው እጢው ውስጥ ነው። ከእናት የተወረሰ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ለልጆቿም አይተላለፍም።

ስለ ትንንሽ ልጆች ሳልናገር አላልፍም። እምብዛም ባያጋጥምም፣ የዚህ እጢ ሌላ ዓይነት በልጆች ላይ ይወጣል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ጡት ታወጣለች፣ ደምም ታያለች። አብዛኛው ያለ ዕድሜ መድረስ ከእጢ የሚመጣ አይደለም፤ ቢሆንም ከ8 ዓመት በፊት ከታየ ምርመራ ያስፈልገዋል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ባልጠፋበት አገር ላይ ሆኜ ይህን ስጽፍ ያስፈራኛል። ጡት ያወጣች ሕፃን ሕፃን ናት። "ደርሳለች" የሚል ሰው ስትሰሙ ዝም አትበሉ፤ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የወንድ ሆርሞን የሚያመነጩ የኦቫሪ እጢዎችም አሉ። የወር አበባዋ ቀርቶ፣ ድምጿ ጎርንኖ፣ ጺም ማብቀል የጀመረች ወጣት ካያችሁ አትሳቁባት፣ አስመርምሯት።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። ብዙውን ጊዜ እጢው ከኦቫሪው ሳይወጣ ስለሚገኝ ውጤቱ መልካም ነው። የእኚያ በልጃቸው የመጡት እናት የማህፀን ሽፋንም ገና ካንሰር አልሆነም ነበር። ግን ይህ እጢ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከ10 ዓመት፣ ከ20 ዓመትም በኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ "ድናለች" ተብሎ ክትትል አይቋረጥም። የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀት ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ከመሬቱ ግብር ደረሰኝ ጋር አስቀምጡት። ፎቶ አንሱትና በቴሌግራም ለእህት ወንድሞቻችሁም ላኩት። ከዓመታት በኋላ ሆዷ ቢነፋ ወይም ቢያማት፣ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።