ፕሌስመንት ቴስት «መውደቅ የሚባል የለውም» ለተባልሽው እህት፦ ከመፈተንሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንደገባኝ በዲቪ ከመጣሽ 7 ወርሽ ነው፣ ሜሪላንድ ትኖሪያለሽ፣ ከአገር ቤት የአካውንቲንግ ዲግሪ አለሽ፣ ሌሊት ትሠሪያለሽ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ነርስ መሆን ትፈልጊያለሽ። ኮሌጁ ፕሌስመንት ቴስት (የመነሻ ደረጃ መለያ ፈተና) ውሰጂ ብሎሻል፤ የሚያውቁሽ ሰዎች ደግሞ «መውደቅ የሚባል የለውም፣ ዝም ብለሽ ተፈተኚ» ብለውሻል። አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ማማከር የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

መውደቅ የሚባል እንደሌለው እውነት ነው። ብዙ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን የሚያጣው ግን እዚችው ላይ ነው። ፈተናው የሚወስነው ከየትኛው ደረጃ እንደምትጀምሪ ነው። እንግሊዝኛሽ ወይም ሂሳብሽ ዝቅ ብሎ ከታየ ለዲግሪ የማይቆጠሩ ክፍሎች ውስጥ ትመደቢያለሽ። አንዱ ደረጃ ብዙ ጊዜ አንድ ሴሚስተር ይፈጃል፤ ሁለት ደረጃ ዝቅ አልሽ ማለት አንድ የትምህርት ዓመት ሄደ ማለት ነው፤ ክፍያው ግን አይቀርልሽም። ሌሊቱን ሠርተሽ አድረሽ፣ ሳትዘጋጂ ገብተሽ የምታገኚው ውጤት እውቀትሽን አያሳይም፤ ኮሌጁ ግን የሚያየው ያንኑ ነው።

ቀጠሮ ሳትይዢ በፊት ወደ ኮሌጁ የፈተና ማዕከል ደውዪና ይህን ጠይቂ፦ የምፈተነው የትኛውን ፈተና ነው? ውጤቱ ካላረካኝ ስንት ጊዜ፣ ከስንት ቀን በኋላ መድገም ይፈቀድልኛል? ከፈተናው ነፃ የሚያደርገኝ ማስረጃስ አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ለአንቺ ግን ዋናው እሱ ነው። ዲግሪ ስትማሪ ስታትስቲክስና የቢዝነስ ሂሳብ ወስደሻል። ትራንስክሪፕትሽ በአሜሪካ ክሬዲት ተተርጉሞ ከቀረበ ኮሌጁ ከሂሳብ ፈተና ሊያነሳሽ፣ አልፎም ክሬዲት ሊሰጥሽ ይችላል። እንግሊዝኛ ላይ ያን ያህል አትጠብቂ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብንማርም ብዙ ኮሌጆች በእሱ ብቻ ከፈተና አያነሱም።

ትራንስክሪፕቱን የሚገመግሙ ድርጅቶች ናይሴስ በሚባለው ማኅበር ሥር ያሉ ናቸው፤ በእኛ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ነው። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጅሽ የየትኛውን እንደሚቀበል አረጋግጪ። የምታዢው ደግሞ «ኮርስ በኮርስ» የሚባለውን ይሁን። ርካሹ ዓይነት ዲግሪ እንዳለሽ ብቻ ነው የሚናገረው፤ የትኛውን ኮርስ በስንት ክሬዲት እንደወሰድሽ ስለማይዘረዝር ለኮሌጁ ክሬዲት ማስቆጠሪያ አይሆንም። ከአገር ቤት በኩል ሥራው የሚጓተተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወጪ መጋራት ነው፤ ካልከፈልሽ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት አይለቅም፣ ስለዚህ ውክልና የሰጠሽው ሰው መጀመሪያ ያንን ይጨርስ። ሁለተኛው ስም ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ የአያትሽ ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ ከተጻፈና ግሪን ካርዱ ላይ ሌላ ከሆነ ፋይልሽ ለሁለት ይከፈላል። ገና ስታመለክቺ የግሪን ካርዱን አጻጻፍ ያዢ፣ ልዩነቱን በአንድ ደብዳቤ አስረጂ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ የተመረቅሽበት ዓመት በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚታይ ሬጅስትራሩ በፈረንጅ አቆጣጠርም እንዲጽፍ ንገሪ።

ወደ ፈተናው ልምጣ። በብዙ ኮሌጆች የሚሰጠው ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው አኩፕሌሰር ነው። የመጀመሪያ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ የተዘጋጀው ዓይነት ንባብን፣ ሰዋስውን፣ የዓረፍተ ነገር ትርጉምንና ማዳመጥን የሚፈትኑ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ጥያቄ ነው። በዋናው ፈተና የንባብና የሂሳብ ክፍሎች 20፣ የጽሑፍ ሰዋስው ክፍሉ 25 ጥያቄ አላቸው፤ ውጤቱ ከ200 እስከ 300 ነው። ሁለት ነገር ልብ በይ። ፈተናው ከመልስሽ እየተነሣ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀልላል፣ አንዴ አልፈሽ ከሄድሽ ደግሞ መመለስ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 5 ወይም 6 ጥያቄዎች በጥድፊያ ማለፍ ውድ ስህተት ነው። ሌላው፣ ባለ ብዙ ምርጫ ክፍሎቹ የሰዓት ገደብ የላቸውም። እኛ አገር ቤት ሰዓት እየተቆጠረብን ስለተፈተንን ሳይነገረን እንሮጣለን። አትሩጪ። ከሥራ በወጣሽበት ጠዋት ሳይሆን እረፍት ባለሽ ቀን፣ ተኝተሽ ተነሥተሽ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ባዶ አድርገሽ ቀጠሮ ያዢ።

ሂሳቡ ላይ የእኛ ልጆች አልጀብራውን ይሠራሉ፤ የሚጥላቸው በቃላት የተጻፈው ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። 40 ዶላር የነበረ ሸሚዝ 25 በመቶ ተቀነሰለት፣ ከዚያ 6 በመቶ ታክስ ተጨመረበት፤ ስንት ይከፈላል? ብዙ ሰው 25 ሲቀነስ 6 ብሎ 19 በመቶ ቅናሽ ያደርግና 32.40 ይላል። ታክሱ ግን የሚጣለው በተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው፦ 40 በ0.75 ሲባዛ 30፣ 30 በ1.06 ሲባዛ 31.80። የተሳሳተው 32.40ም ከምርጫዎቹ መካከል ሊገኝ ስለሚችል መልስሽን እዚያ ማየትሽ አያዘናጋሽ። የራስሽን ካልኩሌተር አታስገቢም፤ በአንዳንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይከፈታል። ክፍልፋይ፣ በመቶኛ፣ ኢንችና ጫማ፣ ማይልና ጋሎን በእጅሽ ማስላት ተለማመጂ።

ኮሌጅሽ የሂሳቡን አሌክስ በሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ፈተና የሚፈትን ከሆነ ነገሩ ይለያል። እስከ 30 ጥያቄ አለው፣ አብዛኛው መልሱን ራስሽ የምትጽፊው ነው፣ ውጤቱ ከ100 ነው። «አላውቀውም» የሚል ቁልፍ አለ፤ በግምት ከመመለስ እሱን መጫን ይሻላል፣ ምክንያቱም ፈተናው ከተፈታኙ ደረጃ ጋር የተስማማ መለማመጃ ይከፍታል፣ በግምት የተመለሰ ጥያቄ ግን ያንን መለማመጃ ያበላሸዋል።

ድርሰቱን ለብቻ ተለማመጂው። ራይትፕሌሰር የሚባለው የአኩፕሌሰር የድርሰት ፈተና ከ300 እስከ 600 ቃል ይጠይቃል፣ የሚያርመውም ኮምፒውተር ነው። እዚህ ላይ የሚጎዳን የአጻጻፍ ልማዳችን ነው፦ «ትምህርት ለአገር ዕድገት መሠረት እንደሆነ ይታወቃል» ብለን ሰፊ መግቢያ እንሠራና ወደ ጉዳዩ የምንገባው በሦስተኛው አንቀጽ ነው። አሜሪካዊው ድርሰት አቋምሽን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይፈልጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ምክንያትና አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ይይዛል። ከ300 ቃል በታች አትውረጂ። ለ3 ሳምንት በቀን 45 ደቂቃ ይበቃሻል፦ በመጀመሪያው ቀን የኮሌጅ ቦርዱን ነፃ የመለማመጃ ፈተና ውሰጂና ደካማ ጎንሽን ለዪ፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ድርሰት በሰዓት ጻፊ።

ስለ ገንዘብ ያልጠየቅሽው ግን ማወቅ ያለብሽ አለ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፤ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ላላት አይሰጥም፣ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም። ፋፍሳው (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) ላይ ይህን የሚጠይቅ ቦታ አለ። «የኢትዮጵያ ነው፣ አይቆጠርም፣ የለኝም በይ» የሚልሽ ሰው ይኖራል፤ እባክሽ አትስሚው። ለክሬዲት ብለሽ ያስገባሽው ትራንስክሪፕት ያጋልጥሻል፣ የወሰድሽውንም ትመልሻለሽ። ፋፍሳውን ግን ሙይው፤ የፌዴራል ብድርና የኮሌጁ የራሱ ስኮላርሺፕ በእሱ በኩል ነው የሚያልፉት። ኮሌጁን በየወሩ ከፍሎ የመጨረስ ፕላን ጠይቂ። ታክስ ስትሠሪ ደግሞ ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት የሚባለው የትምህርት ወጪ የታክስ ቅናሽ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ከታክስሽ ይቀንሳል። ክፍያው በካውንቲ ነዋሪ፣ በስቴት ነዋሪና ከውጭ በመጣ ሰው ይለያያልና ዘመድ ቤት ተጠግተሽ ከሆነ ነዋሪነትሽን የሚያሳይ ወረቀት ከአሁኑ በስምሽ ይኑርሽ።

አድቫይዘር (የኮሌጁ የትምህርት አማካሪ) ዘንድ ባዶ እጅሽን አትሂዲ። ሴሚስተር በሚጀመርበት ሳምንት ሰልፉ ረጅም ነው፣ የሚሰጥሽም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለበልጉ በጥቅምትና ኅዳር፣ ለመስከረሙ በመጋቢትና ሚያዝያ ቀጠሮ ያዢ። የነርሲንጉን የኮርስ ዝርዝር አትመሽ ውሰጂና ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስቆጥሪው፦ ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው መቼ ነው፣ ከዚያ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ መቼ ማለቅ አለባቸው፣ የትኛው ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ብቻ ይሰጣል፣ የሳይንስ ኮርሶቹስ ስንት ዓመት ይቆያሉ? በብዙ ቦታ ከ5 እስከ 7 ዓመት ካለፋቸው እንደገና ውሰጂ ይባላል። ስትወጪ የተስማማችሁትን በኢሜይል ጽፈሽ ለአድቫይዘሯ ላኪላት፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ አድቫይዘር ሲገጥምሽ መረጃሽ እሱ ነው። «የትኛው ፕሮፌሰር ይቀላል» ከሚል የጓደኛ ምክር ተነሥተሽ ኮርስ አትምረጪ። ፌዴራል ብድር ከወሰድሽ በፕሮግራምሽ ውስጥ የሌለ ኮርስ አይሸፈንም፤ አቋርጠሽ የወጣሽበት ክፍል ደግሞ እንደተሞከረ ይቆጠራል፣ በብዙ ኮሌጅ ከሞከርሽው 67 በመቶውን ካልጨረስሽ እርዳታው ይታገዳል። ሌሊት እየሠራሽ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ6 እስከ 9 ክሬዲት ይበቃሻል፤ አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍልና ሁለት ሰዓት ጥናት ነው።

ነርሲንግን በተመለከተ፣ ኮሌጅ መግባትና ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። ሁለተኛው ውድድር ነው፤ በብዙ ኮሌጅ ቲስ የሚባል 170 ጥያቄ ያለው፣ 209 ደቂቃ የሚፈጅ ፈተናም አለበት። ክሊኒካሉ (የሆስፒታል ልምምዱ) በአብዛኛው ቀን ላይ ስለሆነ ሌሊት ሠርቶ ማግስቱን በሽተኛ አጠገብ መቆም አይቻልም፤ የዚያን ጊዜ ገቢሽ ከየት እንደሚመጣ ዛሬ አስቢ። ከዚያ በፊት ሲኤንኤ የሚባለውን የነርስ ረዳት ሥልጠና ወስደሽ ሥራውን በእጅሽ ብትሞክሪው መልካም ነው። አካውንቲንጉንም አትጣይው። የሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) ቦርዱ ዲግሪሽን ካስገመገመ በኋላ የሚጎድሉሽን ኮርሶች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ፤ ከነርሲንጉ በጣም አጭር መንገድ ሊሆን ይችላል። ነርስነት ልብሽ ውስጥ ካለ ሂጂበት፤ ሰው ሁሉ ስለሚማረው ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱን መንገድ በዓመትና በዶላር ጎን ለጎን ጽፈሽ አወዳድሪ።

የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮውን ሰው የሚያስታውሰው ሊመረቅ ሲል ነው፤ አንቺ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሂጂ። ነፃ ነው። ከአገር ቤት ያመጣሽው ሲቪ ፎቶ፣ የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታና የ12ኛ ክፍል ውጤት ካለበት ሁሉም ይውጣ፤ እዚህ አንድ ገጽ ነው፣ ቅርብ የሠራሽው ከላይ ይቀመጣል። ሃንድሼክ የሚባለውን የተማሪዎች የሥራ መፈለጊያ ድረ ገጽ ኮሌጅሽ የሚጠቀም ከሆነ አካውንት ክፈቺ። ከሁሉ በላይ የልምምድ ኢንተርቪው አስያዢ። «ስለራስሽ ንገሪኝ» ሲባል ብዙዎቻችን ከቤተሰብና ከትውልድ ቦታ እንጀምራለን፤ የሠራነውንም «እኛ» እያልን እንናገራለን፣ «እኔ» ማለት ትዕቢት ስለሚመስለን። ጠያቂው ግን አንቺ ምን እንደሠራሽ ነው የሚፈልገው። «በወር የ40 ሰው ደመወዝ አዘጋጅ ነበር፣ ስህተት ሲገኝ የማርመው እኔ ነበርኩ» ብለሽ ጮክ ብለሽ ተለማመጂው።