ከዌብ ዲዛይን ወደ ኢንተራክሽን ዲዛይን ለመሻገር፣ እጅሽ ላይ ካለው ሥራ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ዓመት ዌብሳይት ስትሠሪ ቆይተሻል። አሁን ወደ ኢንተራክሽን ዲዛይን፣ ማለትም ሰው ገጹን ሲጠቀም የሚሆነውን ወደ መንደፍ ሥራ፣ መግባት ትፈልጊያለሽ፤ ግን እንደገና ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ ፖርትፎሊዮዬን (የሥራ ናሙናዎቼን ስብስብ) ላስተካክል ብለሽ ተጨንቀሻል። እኔም ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከዜሮ አትጀምሪም። ገጹ ስልክ ላይ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ኮዱን የሚጽፈው ደቨሎፐር "ይሄ አይሠራም" ሲልሽ ለምን እንዳለ ይገባሻል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መቀየር ያለበት ዓይንሽ ነው። እስካሁን ገጹ እንዴት እንደሚታይ ስትጨነቂ ኖረሻል። ከአሁን በኋላ የሚያስጨንቅሽ፣ ሰው ገጹን ከነካ በኋላ የሚሆነው ነው።

እኔ ይህ የገባኝ በአንድ የምዝገባ ፎርም ነው። ሠርቼ አስረክቤ ነበር፤ ደንበኛውም በጣም ወዶት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ሰው ሁለቴ ሦስቴ እየተመዘገበ መሆኑ ታወቀ። ምክንያቱ ስላልገባኝ ከአንዲት ተጠቃሚ አጠገብ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሁሉንም በጥንቃቄ ሞላች። "ተመዝገብ" የሚለውን ነካች። መረጃው ከኋላ እየተላከ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም። ጠበቀች። ጠጋ ብላ አየችው። እንደገና ነካች። ከዚያ ቀና ብላ "ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያ ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ማስተካከያው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ቁልፉ እንደተነካ ይደበዝዛል፤ ጽሑፉ "በመላክ ላይ" ይሆናል፤ ድጋሚ ቢነካም አይልክም። ሲያልቅ መመዝገቧን በግልጽ ይነግራታል። ካልተሳካ ደግሞ የሞላችው ሳይጠፋ የቱ ጋ እንደተበላሸ ያሳያታል። በኋላ ሳነብ የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦት አገኘሁት። ምላሹ በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ወዲያው የሆነ ይመስለናል። እስከ 1 ሰከንድ ሐሳባችን አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ልባችን ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። የእኔ ፎርም ብዙ ሰከንድ ዝም ይል ነበር።

ስለዚህ አዲስ የፈጠራ ፕሮጀክት አትፈልጊ። ከሠራሻቸው ሳይቶች አንዱን ምረጪ። ከእሱም አንድ ሥራ ብቻ ውሰጂ፤ ምዝገባ፣ ፍለጋ ወይም ክፍያ ሊሆን ይችላል። አምስት ሰው ለየብቻ አስቀምጪና ሲጠቀሙ እዪ። ኒልሰንም ዋና ዋናዎቹን ችግሮች ለማየት አምስት ሰው ይበቃል ይላል። ከሁሉም የሚከብደው ዝም ማለት ነው። እጃቸው ሲያመነታ "እዚህ ጋ ንኪው" ማለት ያምርሻል። አትበይ! ያ ማመንታት ነው የመጣሽበት ጉዳይ። ያየሽውን ጻፊ፣ አስተካክዪ፣ እንደገና አሳዪ።

ፖርትፎሊዮሽም ከዚህ ይወጣል። እኔ ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ 12 ያማሩ ገጾች ይዤ ሄድኩ። ጠያቂው አንዱን ከፈተና "እዚህ ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ ተጠቃሚው ምን ያያል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሥራውም አመለጠኝ። ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ሁለት ፕሮጀክት ብቻ ይዤ ገባሁ። ምን እንዳየሁ፣ ምን ሞክሬ እንደጣልኩ፣ ለምን እንደጣልኩ ጽፌ ነበር። የጣልኳቸው ሐሳቦች ላይ ካለቀው ሥራ የበለጠ ተነጋገርን።

ስለ መሣሪያ ብዙ አትጨነቂ። ፊግማ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ይበቃሻል። ጃቫስክሪፕት (ገጽ ለሰው ንክኪ ምላሽ እንዲሰጥ የሚጻፍበት የኮድ ቋንቋ) ትንሽም ከቻልሽ ግን ተጠቀሚበት፤ ሰው የእውነት የሚጽፍበት ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) ስዕል ብቻ የማያሳየውን ብዙ ያወጣል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ጊዜና አቅም ካለሽ ጥሩ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሥራሽን በየሳምንቱ የሚተች ሰው ማግኘትሽ ነው። ለመቀጠር ግን ግዴታ አይመስለኝም፤ ለእሱ ብለሽ ዕዳ ውስጥ አትግቢ።

ሥራ ስትፈልጊ ስሙን ብቻ አትከተዪ። "ኢንተራክሽን ዲዛይን" የሚለውን ስም ቢል ሞግሪጅና ቢል ቨርፕላንክ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አወጡት። ዛሬ ያው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወጣው "ዩኤክስ (የተጠቃሚ ተሞክሮ) ዲዛይነር" ወይም "ፕሮዳክት ዲዛይነር" ተብሎ ነው። ዝርዝሩን አንብቢ። ከተጠቃሚ ጋር ትገናኛለሽ የሚል ነገር ከሌለው ምናልባት ስሙ የተቀየረ የዌብ ዲዛይን ሥራ ነው።

አሁን ያለሽበትንም ሥራ ቶሎ አትልቀቂ። ነገ አለቃሽን "የፎርሙን ክፍል ለእኔ ስጡኝ" በያቸው። ብዙ ሰው ስለሚሸሸው በደስታ ይሰጡሻል። የትኛውን ገጽ እንደመረጥሽ ንገሪኝ፤ አብሬሽ አየዋለሁ።